ጉዳዩ፦ አስቸኳይ ስላልሆነ «አስቸኳይ»

የዛሬው ጨዋታችን ስለ አንዲት መስመር ነው። ማመልከቻ ጽፋችሁ የምታውቁ ሁሉ ታውቋታላችሁ። ከተቀባዩ ስም ዝቅ ብላ፣ ከሥሯ ተሰምሮባት የምትቀመጠው «ጉዳዩ፦» የምትለዋ መስመር ናት። ባለፈው የፋሲካ ሰሞን በዚህች መስመር ሰበብ ልጄን አንዲት ጥሩ ደንበኛ አሳጥቻታለሁ። አሁን ገና እየተቃረበ ነው። ልጆቻችሁም ልብሱንም ቅመማ ቅመሙንም በስልካቸው ለመሸጥ ሽር ጉድ የሚሉበት ጊዜ ስለሆነ፣ ነገሩን ሳልደብቅ ላጫውታችሁ።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ዕድሜዬን የጨረስኩት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ገቢ ደብዳቤ እቀበላለሁ፣ ቁጥር እሰጣለሁ፣ ፋይል አወጣለሁ፣ ወደሚመለከተው ክፍል እመራለሁ። የሚመጣውን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ ጊዜ ስለማይበቃ ዓይኔ የሚያርፈው «ጉዳዩ፦» ላይ ነበር። «ጉዳዩ፦ የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» ብሎ የጻፈ ሰው ደብዳቤው በቀጥታ ወደ ሠራተኛ አስተዳደር ይሄድለታል። «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» ብሎ የጻፈ ግን ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት ይከርማል። ምን ዓይነት ትብብር? ከማን? እስከ መቼ? መስመሯ አትናገርማ!

ሴት ልጄ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ትሸጣለች። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ገበያዋ ግን ሩቅ ነው። ብዙዎቹ ደንበኞቿ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው፣ የቀሩት አውሮፓ ያሉ እናቶችና አያቶች ናቸው። ለእረፍት መጥተው የገዙትንም፣ በዘመድ በኩል ያዘዙትንም ፈቃዳቸውን እየጠየቀች ኢሜይላቸውን መዝግባ ይዛለች። በፋሲካው ጊዜ 640 ደርሰው ነበር። በዓል ሲቃረብ «ቅናሽ አለ» ብላ ትጽፍላቸዋለች።

ታዲያ ለፋሲካ ብላ ያሰፋቻቸው ቀሚሶች አልሄዱላትም። በዓሉ አንድ ወር ሲቀረው 38 ቀሚስ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ሸማኔው ቀሪ ሒሳቡን ይጠብቃል። ጥልፍ የምትሠራላት ልጅም የቤት ኪራይዋ ደርሶባታል። ልጄ «የመጨረሻ ዕድል! ዛሬ ብቻ!» የሚል ርእስ ሰጥታ አንድ ኢሜይል ላከች። የሚገዛ ሲጠፋ በሳምንቱ ያንኑ «የመጨረሻ ዕድል» ደግማ ላከችው። አንድ ማታ አንገቷን ደፍታ ስልኳ ላይ እንዳፈጠጠች ደረስኩና፣ «እስቲ አሳዪኝ፤ ይሄ እኮ የእኔ ሙያ ነው» አልኳት።

እውነትም የኢሜይል ርእስ ማለት ያቺው የእኛ «ጉዳዩ» ናት። ሳጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ ጎልተው የሚታዩት የላኪው ስምና እሷ ናቸው። ተቀባዩ እነሱን አይቶ ወይ ይከፍታል ወይ ያልፋል። እኔም መነጽሬን አስተካክዬ እንዲህ ስል አጻፍኳት፦ «አስቸኳይ፦ ትእዛዝዎን ይመለከታል።»

«አባዬ፣ ምን ትእዛዝ አላቸውና?» አለችኝ።

«ከፍተው ሲያዩት ያዙ የለም እንዴ? ዋናው መከፈቱ ነው» አልኳት። በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሱቋን ስትከፍት ለ640ዎቹም ላከችው።

የዚያን ቀን ኢሜይሉን የከፈተው ሰው ከወትሮው ሁሉ በለጠ። እኔም ምሳዬን የበላሁት ደረቴን ነፍቼ ነው። ማታ ግን ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ አንድ መልስ መጣ። የጻፉት በየበዓሉ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው ከልጄ ሱቅ የሚገዙ እናት ናቸው። በዚያን ሰሞን ለልጅ ልጃቸው ክርስትና የሚሆን ልብስ አዝዘው፣ ገንዘቡንም ከፍለው ይጠብቁ ነበር። ለካ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት የእርሳቸው ሌሊት 8 ሰዓት ኖሯል። ጭር ባለው ሌሊት ስልካቸው ጮኸ። ሲያዩት «አስቸኳይ፦ ትእዛዝዎን ይመለከታል» ይላል። የክርስትናው ልብስ ጠፋ፣ ወይም አይደርስም ማለት ነው ብለው ክው አሉ። ሲከፍቱት የ20 በመቶ ቅናሽ ማስታወቂያ ነው።

«ልጄ፣» ብለው ነበር የጻፉት፤ «ባለፈው ሳምንትም የመጨረሻ ነው ብለሽኝ ነበር። አሁን ደግሞ እንቅልፌን ነሳሽኝ። ነገ የእውነት ስትጽፊልኝ በምን ልወቅልሽ? ከዝርዝርሽ አውጪኝ።»

ልጄ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። አልወቀሰችኝም። «አባዬ፣ እውነታቸውን ነው» ብቻ አለች። ከወቀሳ የበለጠ ይህች አመመችኝ። ያ ሁሉ የተከፈተ ኢሜይል ያመጣው ትእዛዝ ሦስት ነው። ከዝርዝሩ የወጣው ሰው ደግሞ 11 ነበር።

የሚገርመው፣ ይህን ነገር ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። መዝገብ ቤት ሳለሁ «አስቸኳይ» የሚል ቀይ ማኅተም ነበረን። በመጀመሪያ ማኅተሙ ያረፈበት ደብዳቤ ሲመጣ ተላላኪው ይሮጥ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁም ሻይ አቋርጠው ያዩት ነበር። ውሎ አድሮ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ደብዳቤ «አስቸኳይ» አስባለው። የዓመት ፈቃድ አስቸኳይ ሆነ፤ የወረቀትና የእስክሪብቶ ጥያቄም አስቸኳይ ሆነ። በመጨረሻ ማኅተሙን ዞር ብሎ የሚያየው ሰው ጠፋ። ያኔ ምን ብናደርግ ጥሩ ነው? «በጣም አስቸኳይ» የሚል ሌላ ማኅተም አስቀረጽን! እሱም ከጥቂት ወር በላይ አላገለገለም። አንድ ጊዜ የእውነት ያስቸኮለ የሕክምና ወጪ ደብዳቤ ከእነዚያ ሁሉ ቀያይ ማኅተሞች መሐል ተቀብሮ ሰነበተ። ይህን በዓይኔ አይቼ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ ያንኑ ማኅተም ለልጄ አቀበልኳት።

በማግስቱ ልጄ ለእኚያ እናት በስማቸው ጻፈችላቸው። ልብሱ በሰላም መላኩን፣ የሚደርስበትን ቀን፣ ርእሱ ስሕተት እንደነበር፣ ከዝርዝሩም እንዳወጣቻቸው ገለጸች። ሌላ ነገር አልጨመረችም፤ ቅናሽም አላነሳችም። ከሳምንት በኋላ መልሳቸው መጣ፦ «ይቅር ለእግዚአብሔር። ልብሱ ደርሶኛል፤ ያምራል።» ወደ ዝርዝሩ ግን አልተመለሱም።

ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑንም ያኔ ነው የተረዳነው። እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ የአሜሪካ የኮምፒዩተር ኩባንያ የሽያጭ ሰው ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች በአንድ ጊዜ የምርት ማስታወቂያ ላከ። ብዙ ተቀባዮች ተቆጡ፤ እንዲህ ያለው ጅምላ መልእክትም ከዚያ ወዲህ እየበዛ ሄደ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣችው ካን ስፓም የተባለ ሕግ የንግድ ኢሜይል ርእስ ስለ ይዘቱ እንዳያሳስት ይከለክላል። ላኪው የፖስታ አድራሻውን እንዲጽፍ፣ መውጫ መንገድ እንዲያሳይ፣ «አትላኩብኝ» ያለውንም ሰው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲያስወጣ ያዛል። በእኛም አገር የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። «ትእዛዝዎን ይመለከታል» ብሎ ቅናሽ መላክ ከዚህ ወዲያ ምን ማሳሳት አለ?

ሌላም አለ። ተቀባዩ ተናዶ «ስፓም» የምትለዋን ሲጫን አቤቱታው የኢሜይል አገልግሎቱን ለሚሰጠው ድርጅት ይደርሳል። ጉግል እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በቀን 5,000ና ከዚያ በላይ ኢሜይል ወደ ጂሜይል የሚልኩ ድርጅቶች የአቤቱታቸው መጠን 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ይጠይቃል። የልጄ ሱቅ ያን ያህል አይልክም፤ ነገር ግን ብዕሬን አንስቼ አሰላሁት። ከ640 ሰው 0.3 በመቶ ማለት ሁለት ሰው እንኳ አይሞላም! አቤቱታ የበዛበት ላኪ ኢሜይሉ ወደ ስፓም ሳጥን መውረድ ይጀምራል። ያኔ የክርስትናው ልብስ ደረሰኝ ራሱ አብሮ ይወርዳል።

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ እኔና ልጄ እንደገና ጠረጴዛ ከበብን። በዚህ ጊዜ መነጽሬን ያስተካከልኩት ለማዘዝ ሳይሆን ለመማር ነበር። ያደረግነውን በየተራ ልንገራችሁ፤ ልጆቻችሁ ሱቅ ካላቸው ይጠቅማቸዋል።

መጀመሪያ ሰላምታውን ከርእሱ አወጣነው። የቀድሞ ኢሜይሎቿን ስናይ ብዙዎቹ «ውድ ደንበኞቻችን እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ» ብለው ነው የሚጀምሩት። መልካም ምኞት ነው፤ ግን በእጅ ስልክ ላይ ርእሱ ይቆረጣል። በልጄ ስልክ ቆጥረን ወደ 30 ፊደል ያህል ብቻ ነው የታየን። ደንበኛዋ ያነበበችው «ውድ ደንበኞቻችን እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው…» የሚለውን ብቻ ነው። ቀሚሱም፣ ቅናሹም፣ ቀኑም ተውጠው ቀርተዋል። በደብዳቤ ደንብም ቢሆን ሰላምታ የሚመጣው ከ«ጉዳዩ» በኋላ ነው። ስለዚህ «እንኳን አደረሳችሁ» ወደ ውስጥ ገባ፤ በዚያም እንደ ልቡ ተዘረጋ።

ቀጥለን ሦስት ነገር ብቻ አስቀረን፤ ምን፣ ስንት፣ እስከ መቼ። እንዲህ ሆነ፦ «የልጆች ቀሚስ 20% ቅናሽ፤ እስከ ኦገስት 21።» ክፍተቱን ጨምሮ 29 ቦታ ብቻ ይይዛል። ልጄ መጀመሪያ «እስከ ነሐሴ 15» ብላ ጽፋ ነበር። «እዚያ ያደጉት ልጆቻቸው ናቸው የሚያዙላቸው፤ ነሐሴን ከየት ያውቁታል?» ስላት ሳቀችና ቀየረችው። ውስጡ ግን ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፈች። ቀኑንም ዝም ብላ አልመረጠችውም። ልብሱ በእንቁጣጣሽ እጃቸው እንዲገባ ከዚያ ቀን በኋላ የመጣ ትእዛዝ እንደማይደርስላት ከላኪዎቹ ጋር ቆጥራ ነው።

ከርእሱ ሥር ፈዘዝ ብላ የምትታይ ሁለተኛ መስመርም አለች። እስከዚያ ቀን ማንም ስላላሰበባት «ይህ ኢሜይል በትክክል ካልታየዎ እዚህ ይጫኑ» የሚል ነገር ነበር የሚታይባት። እኛ «ከ2 እስከ 10 ዓመት፣ ነጭ ከአረንጓዴ ጥለት ጋር» ብለን ጻፍንባት። የላኪው ስምም «መረጃ» ከሚለው ወደ ልጄና ወደ ሱቋ ስም ተለወጠ። ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከማን ነው?» ብሎ አይደል?

ከዚያ ሙከራ አደረግን። ለሁሉም ከመላክ በፊት ለ80 ሰው ያንን ርእስ፣ ለሌላ 80 ሰው ደግሞ «ለእንቁጣጣሽ ነጭ ቀሚስ አለሽ?» የሚል ርእስ ላከች። ሁለተኛው የእርሷ ምርጫ ነበር፤ እኔም ሳልደብቅ ወድጄው ነበር። ከመጀመሪያው 5 ትእዛዝ መጣ፣ ከጥያቄው 2። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ በእርግጠኝነት አይፈረድበትም፤ ቢሆንም ለቀሩት የመጀመሪያውን ላክን። ስንት ሰው ከፈተው የሚለውን አልቆጠርንም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ አንዳንድ የአፕል ስልኮች ሰውየው ሳያነብ ኢሜይሉን እንደተከፈተ ስለሚያስመስሉት ያ ቁጥር ያታልላል። ደግሞ እኔ ከዚህ ቀደም ብዙ በተከፈተ ኢሜይል ደረቴን ነፍቼ የገጠመኝን ታውቃላችሁ። የምንቆጥረው ትእዛዝና የወጣውን ሰው ብቻ ሆነ።

ሰዓቱንም አስተካከልን። እኛ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ስንልክ ዋሽንግተን ቀን 7 ሰዓት ነው። ሰው ምሳውን እየበላ ስልኩን ያያል እንጂ ከእንቅልፉ አይባንንም።

ከዚያ በኋላ የላክነው አንድ ማስታወሻ ብቻ ነው፤ እሱም ገና ላልገዙት፣ ቅናሹ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው። «የልጆች ቀሚስ ቅናሽ ነገ ያበቃል» ይላል። የእውነትም በነጋታው አበቃ። ኦገስት 22 ላይ አንዲት ደንበኛ ከጀርመን «ትናንት ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ በቅናሹ ስጪኝ» ብለው ጻፉ። ልጄ ወደ እኔ ዞር አለች። መደርደሪያው ላይ ገና ቀሚስ አለ፤ ሸማኔውም ሙሉ ሒሳቡን አልተቀበለም። እኔ ዝም አልኩ፤ አንድ ጊዜ መክሬ ያየሁትን አይቻለሁና። እርሷም ጻፈች፦ «እትዬ፣ ቅናሹ ትናንት አልቋል። ለእንቁጣጣሽም አይደርስልዎትም። ለመስቀል ግን ይደርሳል፤ ዋጋውም መደበኛው ነው።» ሴትየዋ ቅር አላቸው፤ አልገዙም። ልጄ ከፋት፤ ግን ዋጋውን አልመለሰችም። ለትናንትናዎቹ «ነገ ያበቃል» ብላ፣ ለዛሬዋ ብታራዝም ኖሮ የትናንቶቹን ዋሽታ ነበር ማለት ነው።

ከ38ቱ ቀሚስ 29ኙ ተሸጠ። ሁሉም አላለቀም። የሸማኔው ሒሳብ ግን ተዘጋ፤ ጥልፍ የምትሠራዋም ልጅ ድርሻዋን አገኘች። በዚያ ሰሞን ከዝርዝሩ የወጣው ሰው አንድ ብቻ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ንግድም እንደዚያው ነው፤ ብቻ ሲጠራ ቀስ ብሎ ነው።

ሰሞኑን በየኢሜይላችሁ «ብላክ ፍራይዴይ» እያለ የሚጮኸውን ታያላችሁ። በአሜሪካ የምስጋና ቀን ከሚከበርበት ከኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ ማግስት የሚውል የቅናሽ ቀን ነው። ልጄ በዚያ ሳምንት ምንም ላለመላክ ወስናለች፤ በጩኸት መሐል መጮህ ምን ይረባል? የገናውን ርእስ ግን ከአሁኑ ጽፋ ጠረጴዛዋ ላይ ለጥፋዋለች። ምን፣ ስንት፣ እስከ መቼ።

ለእናንተ ለተቀባዮቹ ደግሞ አንድ ነገር ላክል። «ሽልማት ደርሶዎታል»፣ «ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው»፣ «ትእዛዝዎ ተስተጓጉሏል» የሚል ርእስ ሲያስደነግጣችሁ እዚያው ላይ አትጫኑ። ያዘዛችሁት ነገር ካለ ወደ ሱቁ ደውሉ፤ ወይም ለልጆቻችሁ አሳዩ። እኔ ይህን የምለው ራሴ አስደንጋጭ ስለነበርኩ ነው።

ለነገሩ በቤታችንስ ቢሆን? አንድ ጊዜ ውጭ አገር ላለው ወንድ ልጄ «ቶሎ ደውል» ብዬ መልእክት ላክሁበት። ልጁ ሥራውን ጥሎ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ደወለ። «አባዬ፣ እማዬ ደኅና ናት?» አለኝ። እኔ ለካ የቴሌቪዥኑ ሪሞት አልሠራ ብሎኝ ልጠይቀው ነበር። ያን ጊዜ ስቄ አልፌዋለሁ። የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት ደብዳቤ ሲነበብልኝ ግን የልጄ ድምፅ ነው የመጣብኝ።

አሁን ለእርሱም «ጉዳዩ፦» እያልኩ ነው የምጽፍለት። «ጉዳዩ፦ ሁላችንም ደኅና ነን፤ ስለ ሪሞት ነው፤ ሲመችህ።» እሱም ይስቃል፤ ሲመቸው ይደውላል። አንድ ቀን «ቶሎ ደውል» ብዬ ብጽፍለት ግን፣ ሳይጠራጠር እንደሚደውል አውቃለሁ።

እስከ ሳምንት ሰላም ሰንብቱ።